ስሙ ሲጠራ ልቤ ለምን ይደነግጣል?

እህቴ፣ ከመጀመሪያ ፍቅረኛሽ ከተለያያችሁ 6 ዓመት አልፎ፣ አግብተሽ በሰላም እየኖርሽ፣ ስሙ ሲጠራ ልብሽ ድንግጥ የሚለው አሁንም ስለምትወጂው እንደሆነ ጠይቀሻል። ለባልሽ መንገር ይኖርብሽ እንደሆነም። ከሁለተኛው በፊት የመጀመሪያውን ልመልስ፦ አይደለም። ድንጋጤው የትዝታ ነው።

ሰው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ያሳለፈውን ሕይወት ሲጠየቅ አብዝቶ የሚያነሳው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ የሆነውን ነው። የመጀመሪያ ፍቅር እዚያው መሃል ይወድቃል። በዚያ ላይ ማወዳደሪያ አልነበረውም፤ ስልክ ጠብቆ ማደሩም፣ ቅናቱም፣ መተዉም ያኔ አዲስ ነበር። ባልሽ የቱንም ያህል ቢሻልሽ ያንን «አዲስ» ሊሰጥሽ አይችልምና በዚህ አትለኪው።

ትዝታው እንዳይደበዝዝ የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የፍቅር ተመራማሪዋ ሔለን ፊሸርና ባልደረቦቿ ተትተው ፍቅሩ ያልወጣላቸውን 15 ሰዎች በኤም አር አይ ሲያዩ፣ የፍቅረኛቸው ፎቶ ከሱስ ጋር የሚያያዙ የአንጎል ክፍሎችን ያነቃ ነበር። «ፕሮፋይሉን አንዴ ብቻ ልየው» ማለት ሲጋራ ያቆመ ሰው «አንድ ብቻ» እንደሚለው ነው። ብሎክ አድርገው በጓደኛ አካውንት የሚያዩ አሉ፤ ያ ብሎክ አይባልም። ፎቶዎቹን በንዴት ማጥፋትም አልመክርም፣ ብዙ ጊዜ ይጸጽታል። ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ከስልክሽ አውጪያቸው። ዋናው እጅሽ ሥር አለመሆናቸው ነው።

«አላስበውም» ብሎ መታገል ደግሞ ያባብሰዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ነጭ ድብ እንዳያስቡ ሲያዛቸው ድቡ እየደጋገመ ነው የመጣባቸው። ስሙ ሲጠራ «እሺ፣ መጣ» ብለሽ የያዝሽውን ሥራ ቀጥዪ። ካልተከተልሽው ራሱ ይበርዳል።

የሚከነክን ነገር ካለ ጻፊው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔንቤከር ያስለመደው መንገድ ቀላል ነው፦ 4 ተከታታይ ቀን፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ስለ ፊደልና ሰዋስው ሳይጨነቁ። ጽፈሽ እንደጨረስሽ ሊከፋሽ ይችላል፤ የተለመደ ነው። ከመኝታ በፊት ግን አታድርጊው። ናፍቆቱን ብቻ ሳይሆን የተዋሸሽበትን፣ በቀጠሮ የቆምሽበትንም ጻፊ፤ ትዝታ መራጭ ነው፣ ጣፋጩን ያስቀራል። ደብዳቤ አድርገሽ እንዳትልኪው ብቻ! መልስ ከመጣ ሌላ ወሬ ይጀመራል፣ ካልመጣ ደግሞ እንደገና መተው ነው።

ይህን የምታነቡና በቅርቡ የተለያያችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ 2 ሳምንት ካለፈ ባለሙያ አማክሩ። ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ወደ ባልሽ ስመለስ፣ ነገሩ ድንጋጤ ብቻ ከሆነ መናገር ግዴታ አይመስለኝም። ተደብቀሽ ስቶሪውን የምታዪ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማየቱን አቁሚ፤ «አይ ነበር» ማለት «አያለሁ» ከማለት ይቀላል።