በረኛውን ከማክቤዝ አታውጡት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከዚሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የቴአትር ክበብ አለን። ዘንድሮ የሼክስፒርን ማክቤዝ በአማርኛ እያጠናን ነው። ንጉሡ በተገደለበት ሌሊት አንድ ሰካራም በረኛ እየቀለደ በር ሊከፍት ይመጣል። ልምምድ ላይ ሁላችንም ስቀናል። አማካሪያችን ግን «ሬሳው ሳይነሳ ምን ዓይነት ቀልድ ነው? የተመልካቹ ስሜት ይበተናል፣ ቁረጡት» አሉን። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አዘጋጇ እኔ ስለሆንኩ ውሳኔው እኔ ጋ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ አትቁረጪው። አማካሪያችሁን ግን በአክብሮት ስሚያቸው፤ ያሉት ነገር የዋዛ አይደለም። እንግሊዛዊው ገጣሚ ፊሊፕ ሲድኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1595 በታተመው ስለ ግጥም በጻፈው መከላከያ፣ ነገሥታትንና ቀልደኞችን አንድ መድረክ ላይ የሚያደባልቁ ደራሲዎችን ክፉኛ ነቅፏል። ሲድኒ የሞተው ግን ማክቤዝ ከመጻፉ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። እሱን ያናደደው ቀልደኛው ያለ ሥራው ተጎትቶ የሚገባበት ቴአትር ነበር።

የእናንተ በረኛ ሥራ አለው። ማክቤዝ ንጉሡን ዳንካንን በተኛበት ወግቶ ወጥቷል፤ እጁ ደም በደም ነው። ሚስቱ ጩቤዎቹን ልትመልስ ገብታ የእሷም እጅ ቀልቷል። በዚህ መሀል በር ይንኳኳል። ባልና ሚስት ተጣድፈው ይገባሉ። አሁን ሁለቱ ተዋንያን ደሙን መታጠብና የሌሊት ልብስ መልበስ አለባቸው። ጊዜውን የሚሰጣቸው በረኛው ነው። እሱን ከቆረጥሽ ማክቤዝሽ እጁን ሳይታጠብ ይመለስብሻል። ከመጋረጃ ጀርባ ባልዲና ፎጣ ይዞ ተዋናይ የጠበቀ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔ ይዤ ቆሜያለሁ።

ይህ ግን ትንሹ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት በረኛው የሚናገረው ነገር ነው። ራሱን የሲኦል በር ጠባቂ አድርጎ ይጫወታል። በተንኳኳ ቁጥር «ማነው?» እያለ ኃጢአተኞችን አንድ በአንድ ያስገባል። ዋጋ ይወደዳል ብሎ እህል ያከማቸና አዝመራው ሲያምር ራሱን የሰቀለ ገበሬ አለ። በሁለት ምላስ እየማለ ኖሮ ሰማይን ማታለል ያቃተው ሰው አለ። ከደንበኛ ጨርቅ የሚሰርቅ ልብስ ሰፊ አለ። ጅማ ውስጥ ቡና አከማችቶ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው የማያውቅ ስለሌለ፣ ገበሬው ላይ አዳራሹ ይስቃል። ይሳቅ! በረኛው የሚቀልደው ስለ ሲኦል ነው፤ የቆመው ደግሞ እንግዳ ሆኖ የመጣ ንጉሥ በተገደለበት ቤት በር ላይ ነው። እሱ ይህን አያውቅም። ተመልካቹ ያውቃል። እየሳቀ ያውቃል። ስለዚያ ቤት እውነቱን በግልጽ የሚናገር ሌላ ሰው በዚያች ሰዓት መድረኩ ላይ የለም።

ትንሽ ቆይቶ በሩን ሲያንኳኳ የነበረው መኳንንት ማክደፍ ገብቶ ሬሳውን ያያል፤ ይጮኻል። ያ ጩኸት ጥርሱን ነክሶ የተቀመጠ ተመልካች ላይ ቢወድቅ ያስደነግጠዋል እንጂ አያቆስለውም። አሁን ሲስቅ የነበረ ሰው ላይ ሲወድቅ ግን ውስጥ ድረስ ይገባል። እኛስ ለቅሶ ቤት እንዴት ነን? ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ የሟች ወግ ይነሳል፣ ሐዘንተኛዋ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ከዚያ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ በር ላይ ሲጮህ፣ ሁሉም ከቀብሩ ቀን ብሶ ያለቅሳል። የሳቁት ሁሉ ሟችን ሳይወዱ ቀርተው አይደለም።

ነገሩ በሼክስፒርም አልተጀመረም። አቴና ውስጥ በዲዮኒሶስ በዓል ለውድድር የሚቀርብ ደራሲ ሦስት ትራጄዲ፣ ማለትም አሳዛኝ ተውኔት፣ ካሳየ በኋላ አራተኛ አድርጎ ሳቲር የሚባሉ ግማሽ እንስሳ የሆኑ ፍጡራን የሚፈነጩበት ተውኔት ያቀርብ ነበር። የግሪኩ ደራሲ ዩሪፒዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 በዚያ በአራተኛው ቦታ ያሳየው ግን አልሴስቲስን ነው። ይህን ተውኔት በጣም እወደዋለሁ፤ ለእኛ አገር ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። ንጉሥ አድሜተስ የሚሞትበት ቀን ደርሷል። በእሱ ፈንታ የሚሞት ካገኘ ይተርፋል። ያረጁ ወላጆቹ እንኳ እምቢ አሉ። ሚስቱ አልሴስቲስ እሺ ብላ ሞተች። ቤቱ በለቅሶ ላይ እያለ ወዳጁ ጀግናው ሄራክልስ መንገደኛ ሆኖ ይመጣል። አድሜተስ እንግዳ ከደጄ አይመለስም ብሎ የሞተችው ሚስቱ መሆኗን ደብቆ ያስገባዋል። ሄራክልስ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አበባ ራሱ ላይ ጠምጥሞ ድምፁ ባልተቃና ዘፈን ያንባርቃል። እመቤቱን ያጣው አገልጋይ እያየው ይንገበገባል። እዚህ ጋ ሳቁ ያማል። ሄራክልስ እውነቱን ሲሰማ ስካሩ ይበርዳል፤ መቃብሩ ድረስ ሄዶ ከሞት ጋር ታግሎ ሴትዮዋን ይመልሳታል። ያ ዘፈን ባይኖር የሄራክልስ እፍረት አይኖርም። እፍረቱ ባይኖር ትግሉ ከየት ይመጣል?

መቁረጥ ምን እንደሚያመጣም ታይቷል። ነሑም ቴት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1681 የሼክስፒርን ተውኔት ንጉሥ ሊርን «አስተካክሎ» ሲጽፈው የንጉሡን ቀልደኛ ጭራሽ አወጣው፤ መጨረሻውንም በሠርግ አደረገው። ያ ቀልደኛ ለሊር «አንተ ራስህ ነህ ሞኙ» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ነው። ተዋናዩ ማክሬዲ በ1838 እስኪመልሰው ድረስ፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የእንግሊዝ መድረክ ያለ እሱ ኖረ። በመካከሉ እንግሊዛዊው ሐያሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1765፣ በእውነተኛው ዓለም አንዱ ሲቀብር ሌላው ሲደሰት በአንድ ሰዓት ነው እያለ ለሼክስፒር ተሟግቷል። ይህን ለአማካሪያችሁ ንገሪያቸው፤ ጆንሰን ቁም ነገረኛ ሰው ስለነበረ ይሰሙታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ልምምዳችሁ። አማካሪያችሁ ትክክል የሚሆኑት በረኛው ኮሜዲያን ለመሆን ከሞከረ ነው። ተዋናዩ ተመልካቹን እያየ አይጥቀስ። ሰውየው የጠጣው ያልበረደለት፣ ብርድ ላይ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሠራተኛ ነው። የሚያስቀው ሳያውቀው ነው። ከራሱም ቀልድ አይጨምር። ሼክስፒር ራሱ በሐምሌት አፍ ተዋንያኑን ያስጠነቀቀው በዚህ ነው፤ ቀልደኞች ከተጻፈላቸው በላይ አይናገሩ ይላል። የበሩ መንኳኳት መሀል ላይ መቆም የለበትም። ወለል ላይ በእግር ከመታችሁት ይቀልላል። ወፍራም የዋንዛ ጣውላ ፈልጉ። ጅማ ላይ አናጢ አይቸግርም፤ ትራፊ ጣውላ ቢሆንም ይበቃል። ክረምት ላይ ከሆነ የምታሳዩት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ መሰማት አለበት። መብራቱንም ለቀልዱ ብላችሁ አታድምቁት። በመጨረሻ በረኛውና ማክደፍ የሚሉትን አብራችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ፤ ከሳቁ ወደ ጩኸቱ ያለው ርቀት አጭር ይሁን። ዕለቱ ሲደርስ ንገሪኝ፣ መጥቼ አያለሁ።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት ስፍራ» የተባለውን ተውኔቱን ኮሜዲ ብሎታል። እኔ አንብቤው አዘንኩ። ስህተቱ የማን ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በጥር 1904 ሞስኮ ላይ መጀመሪያ ሲታይ አዘጋጁ ስታኒስላቭስኪ በሐዘን አዘጋጅቶት ቼኾቭ ከፍቶት ነበር። ሦስተኛውን ገቢር ድገመው። የባለርስቷ የራኔቭስካያ ማደጎ ልጅ ቫርያ ጸሐፊውን ኤፒኾዶቭን ለመምታት የሰነዘረችው ዱላ በር ከፍቶ የገባው ነጋዴው ሎፓኺን ላይ ያርፋል። የተመታው ሰው ነው ጥቂት ቆይቶ ርስቱን የገዛሁት እኔ ነኝ ብሎ የሚናገረው፤ አባቱና አያቱ ባሪያ ሆነው የኖሩበትን ርስት። ራኔቭስካያም የምታለቅሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ገጽ ከጓደኛህ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ዱላው ላይ ሳትስቁ ለመቅረት አትሞክሩ።