በየቁምስናው (በየካቶሊክ አጥቢያው) ሕሙማንን ለምትጠይቁ ወጣቶች

ድሬዳዋ ላይ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ወገኖችን ቤት ለቤት ለመጠየቅ የተመዘገባችሁ ልጆቼ፣

የምትገቡበት ሥራ ታላላቆቻችሁ የሠሩት ሥራ አይደለም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያን ለብዙው ሕመምተኛ ልትሰጠው የምትችለው አጥሚት፣ ንጹሕ አንሶላ፣ ካህኑ ሕሙማንን በዘይት የሚቀባበት ምስጢረ ቀንዲልና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ማዘር ተሬዛ እ.ኤ.አ. በ1985 የገና ዋዜማ ኒው ዮርክ ላይ ለኤድስ ሕሙማን የከፈቱት ቤትም ሰው ተጥሎ ሳይሆን ታቅፎ እንዲሞት የታሰበ ነበር። ያ አገልግሎት ቅዱስ ነው። ዛሬ ግን የምትጠይቁት ሰው ሟች አይደለም፤ ጠዋት ከዚራ ላይ ሱቁን ይከፍታል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ዕቁብ ይጥላል። አስታማሚ ሳይሆን የሚፈልገው ክኒኑ እንዳይቋረጥና ምሥጢሩ እንዳይወጣ የሚረዳው ሰው ነው። ከሁለቱ ምሥጢሩን አስቀድሙ። ታወቀብኝ ብሎ የፈራ ሰው መጀመሪያ የሚተወው ቀጠሮውን ነውና።

ምሥጢር የሚወጣው በሐሜት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በደግነት ነው። ዘይትና ዱቄት ቫይረሱ ላለባቸው ብቻ፣ በታወቀ ቀን፣ በአንድ በር ከታደለ ሰልፉ ራሱ ይናገራል። እርዳታው ለአረጋውያንም፣ አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆችም፣ ለሌላው ችግረኛም በአንድ ላይ ይሰጥ። የማኅበሩን ካኒቴራ ለብሳችሁ አራት አምስት ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ትበቃላችሁ፣ ልብሳችሁም የዘወትር ልብስ ይሁን። መዝገባችሁ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይኑር፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት አንድ ኃላፊ ዘንድ ተቆልፎበት ይቀመጥ። በቅዳሴ ላይ ለሕሙማን ሲጸለይ ስም ከነበሽታው አይጠራ። የኑዛዜ ምሥጢር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ሕግ ቁጥር 983 የማይደፈር ነው፤ ያ ሕግ ካህኑን የሚመለከት ቢሆንም በዚያው ልክ ዝም ማለትን ከካህኑ ተማሩ።

አሁን ወደ ክኒኑ። አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው በቀን አንድ ፍሬ ነው፤ ውስጡ ሦስት መድኃኒቶች፣ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም አለ። ከወሩ 30 ፍሬ ሁለት ካመለጠ ጠይቁ፣ አትቆጡ። የዘለለ ሰው ባስታወሰበት ሰዓት ይውሰድ፤ ለማካካስ ግን ሁለት በአንዴ አይዋጥም።

በድሬ ሙቀት መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ግድ ነው። ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ በግንቦትና በሰኔ የቆርቆሮ ቤት ቁም ሣጥን አናት ከዚያ እጅግ ያልፋል። ከጣሪያ የራቀ፣ ፀሐይ የማይነካው ዝቅ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ማድቤት ግን አይሆንም። ሰው ጎረቤት እንዳያይበት ብሎ ክኒኑን ወደ ፌስታል ይገለብጠዋል፤ ያኔ እርጥበት ያገኘዋል። ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናትና አትጣል። ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ያሳብቅብኛል ካለ ብልቃጡን ከነክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዘው።

የሰዓቱ ጉዳይ ከኑሮ ጋር ይታያል። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ጠዋት ቢወስድ ይሻላል፤ ማታ ጫት ላይ የሚቀመጥ ሰውም እንዲሁ፣ ምርቃናው ሰዓቱን ያስረሳዋልና። ረመዳን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችን ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግረው ከአፍጥር በኋላ ወይም ሱሁር ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። እሑድ ጠዋት ክኒን ወስጃለሁና አልቆርብም የሚል ካቶሊክ ካጋጠማችሁ ቀኖና 919ን አስረዱት፤ ከቁርባን በፊት ያለው የአንድ ሰዓት ጾም ውሃንና መድኃኒትን አይከለክልም። ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ደግሞ መድኃኒቱ ሳያልቅ ስለ ጉዞው ለጤና ባለሙያው ይናገር፤ ሁኔታው የተረጋጋ ታካሚ የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሴት የደም ማነስ ክኒን ተሰጥቷት እንደሆነ ጠይቁ። አይረን፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ አሲድ ማብረጃ መድኃኒቶች ዶሉቴግራቪርን ይዘው ሰውነት እንዳይቀበለው ያደርጋሉ፤ የኤች አይ ቪውን ክኒን ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድማ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታ ትውሰድ። ሲወለድ ሕፃኑ መከላከያ መድኃኒት ይጀምራል፤ በ6 ሳምንቱም ደሙ ይመረመራል። በየጉብኝቱ አራት ነገር ጠይቁ፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ። አንዱ እንኳ ካለ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል። ቲቢ ተገኝቶ ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ከተጀመረ፣ በየቀኑ ከኤች አይ ቪው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ የሚወሰድ ተጨማሪ ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ ይህ እንዳይረሳ ሕመምተኛው ለቲቢውም ለኤች አይ ቪውም ክፍል ይንገር።

በጣም የሚያሳስበኝ «ተፈውሰሃል» የሚለው ቃል ነው። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን መድኃኒት በተጀመረ በ6ኛው ወር፣ በ12ኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ይለካል። በምርመራ አይታይም ማለት መድኃኒቱ አፍኖታል ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም፤ ቫይረሱ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፣ ክኒኑ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበሉንም ክኒኑንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ተናግረዋል፤ ይህን ቃል ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችሁ አስታውሱ። መጠኑ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። አንዱ ያለበት ሌላው የሌለበት ባልና ሚስት ይህን ከእናንተ አፍ መስማት አለባቸው።

ስለ ጋብቻ አጭር ነገር ልበል። ቫይረሱ በራሱ ጋብቻን አይከለክልም። በቀኖና 1098 መሠረት ግን የትዳር ኑሮን በብርቱ የሚያናጋ ነገርን፣ ፈቃድ ለማግኘት ብሎ በተንኮል መደበቅ ጋብቻውን ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ እጮኛሞች አብረው ይመርመሩ፣ ውጤቱን እርስ በርስ ይነጋገሩ፤ የውጤት ወረቀት ለቁምስና ኮሚቴ አይሰጥ። ስለ ኮንዶም ስትጠየቁ ቤተ ክርስቲያን ስለ ንጽሕናና ስለ ታማኝነት የምታስተምረውን ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ኮንዶም ቫይረሱን ያሳልፋል የሚለውን ግን በጭራሽ አትበሉ፣ ሐሰት ነው። በሐሰት የተደገፈ ትምህርት እውነቱንም ያስጠላል።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ስለታም ነገር ቢወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቫይረሱ እንዳይዛችሁ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው።

ቀፊራ ገበያ ላይ የምትጠይቁት ሰው ድንገት ቢገጥማችሁ ቀድማችሁ አትጥሩት። እሱ ሰላም ካላችሁ በሙሉ አፋችሁ መልሱ፤ አብሮት ያለው ሰው «እነማን ናቸው?» ሲለው ምን ብሎ እንደሚመልስ ደግሞ በመጀመሪያው ጉብኝት ተነጋግራችሁ ጨርሱ።