«ራሞንስን ነው የምትመስሉት» ለተባላችሁት

ጥያቄህን አነበብኩት። ሱሉልታ ላይ አራት ሆናችሁ ፓንክ (ፈጣንና ሻካራ ሮክ) ትጫወታላችሁ፤ የሰማችሁ ሁሉ «ያንን የአሜሪካ ፓንክ ባንድ፣ ራሞንስን ነው የምትመስሉት» ይላችኋል፤ የምትወዷቸውን ባንዶች ሳትተዉ የራሳችሁን ድምፅ እንዴት እንደምታወጡ ጨንቋችኋል። እኔ ለገጣፎ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። እኛም ይኸው ተብለናልና የጠቀመንን ልንገርህ።

መጀመሪያ፣ የምትወዷቸው ሰዎች ራሳቸው ምን ይሰሙ እንደነበር ስሙ። ራሞንስ ከሰማይ አልወረዱም። በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ሲጀምሩ ጆሯቸው ላይ የነበሩት ቢች ቦይስና እንደ ሮኔትስ ያሉ የሴቶች ቡድኖች ናቸው። ያንን ጣፋጭ ዜማ ወስደው አፈጠኑት፣ ጊታሩን አሻከሩት። የእንግሊዞቹ ፓንክ ባንድ ክላሾችም በ1977 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ የጁኒየር መርቪንን ሬጌ ዘፍነዋል፤ ግን ጃማይካዊ ልምሰል አላሉም። ሌላው የአሜሪካ ባንድ ባድ ብሬይንስ ደግሞ ወደ ፓንክ ከመምጣታቸው በፊት የጃዝ ፊውዥን (ጃዝን ከሮክ ጋር የሚያዋህድ ሙዚቃ) ልጆች ነበሩ። ያ ሁሉ ፍጥነት ሳይዝረከረክ የሚሄደው ለዚህ ይመስለኛል።

ለእኛ በር የከፈተልን ግን ዘ ኤክስ ነው። በ1979 የተመሰረተ የሆላንድ ፓንክ ባንድ ነው። በ2004 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያን ጋበዟቸው። ጋሽ ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን ያንጎራጎሩ ሳይሆን ያቅራሩ ሰው ናቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። እባክህ ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማው። ጊታሮቹ ሊያጅቧቸው ብለው አይለሳለሱም፤ ሳክስፎኑም አይለምናቸውም። ሽለላ ድሮውንም የፉከራ ነገር ነው፤ ፓንክ አያስደነግጠውም።

እንግዲህ ከዘፈን መሃል ማሲንቆ ጣል አድርጎ «ባህላዊ ፓንክ» ማለት አይመቸኝም። ለቱሪስት የተሰራ ይመስላል። ቅኝቱን ከስሩ ያዙት። አምባሰልን ከሚ ብትጀምሩት ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ፓወር ኮርድ (ፓንክ ጊታር የሚመታው ኮርድ) መነሻውና አምስተኛው ድምፅ ብቻ ስለሆነ የሜጀርና የማይነር ጣጣ የለበትም። ሚ፣ ፋ እና ላ ላይ ያዙት፤ ከቅኝቱ ሳትወጡ ሦስት ኮርድ አገኛችሁ። ለፓንክ ሦስት ኮርድ ሀብት ነው! ሚና ፋ በአንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ባለ አንድ ክፍል) ብቻ ስለሚራራቁ እጅህን እያንሸራተትክ የፈለግከውን ያህል መፍጠን ትችላለህ። አንቺሆዬ ግን ያስቸግራል። ፓወር ኮርድ የሚቀመጠው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱን ለሊድ ጊታሩ ተዉለት።

ምቱ ላይ ደግሞ ድራመራችሁ ችክችካ ይምታ፣ ጊታሩ ሁሉንም ወደ ታች እየመታ ይሂድ። መጀመሪያ ይጋጫል፤ ድራመሩም ይነጫነጫል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩት። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ልምምዱን አናቋርጥም፤ ጠረጴዛ እየደበደብን በአፋችን እንጫወተዋለን። እንደውም አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) ዝም ሲል ማን ምቱን እንደሚስት ቶሎ ይታወቃል።

ግጥሙን በአማርኛ ነው የምትጽፉት በእንግሊዝኛ? አልነገርከንም። በአማርኛ ከሆነ በስልክ የተቀዳም ቢሆን አንድ ዘፈን ላክልኝ፤ ቤዙን በአምባሰል ልሞክርላችሁ።