ግሪስ የሚጠጣ የተሳቢ ፔርኖ፦ የድሬ ልጆች ጥያቄና የአባ ፔርኖ መልስ

አባ ፔርኖ፦ የምመልሰው ከፒካፕ ወይም ከላንድክሩዘር ኋላ ስለሚጎተት ባለ ሁለት አክስል ቀላል ተሳቢ ፔርኖ ነው፤ ፔርኖ ማለት ባሌስትራውን (ተደራራቢውን የብረት ስፕሪንግ) አስሮ የሚይዘው ቡሎን ነው። ጠያቂ ሁሉ የሚጠራው በሰፈሩ ወይም በመስመሩ ስም ነው። የካምፒንግ ቤት ይሁን የዕቃ ሳጥን፣ ባሌስትራው አንድ ነው። የአይሱዙና የከባድ መኪና ጣጣ ይዛችሁ አትምጡ። ከወዲሁ ደግሞ፦ በክሪክ ብቻ በቆመ ተሳቢ ሥር ማንም አይግባ።

ከዚራ፦ በጅቡቲ በኩል የገባ የካምፒንግ ተሳቢ አለን። የባሌስትራው ፔርኖዎች ግሪስ መቀበያ የላቸውም። መቀየሩ ያዋጣል ወይስ ቅንጦት ነው?

አባ ፔርኖ፦ ያዋጣል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ተሳቢ ከፋብሪካ የሚወጣው በናይሎን ቡሺንግ (ቡሎኑ የሚገባበት ቀለበት) እና በተራ ቡሎን ነው። ናይሎኑ በጭነት እየሳሳ ያልቅና ቡሎኑ ከባሌስትራው ዓይን (ጫፉ ላይ ካለው ክብ ቀዳዳ) ጋር ብረት ለብረት ይፋጫል። ቀጥሎ የሻክሉ (ባሌስትራውን የሚያያይዙት ጥንድ ሳህኖች) ቀዳዳ ይሞላለላል፣ መጨረሻ ላይ ሻንሲው ላይ የተበየደው ጆሮ ይበላል። ቡሎንና ቡሺንግ በግማሽ ቀን ይቀየራል። ጆሮ ግን ተቆርጦ እንደገና ሲበየድ የአክስሉ መስመር ይዛባል፣ ጎማም ይበላል።

የሚያስፈልገው፦ ውስጡ ለግሪስ የተበሳና ኒፕል (ግሪስ መቀበያ) ያለው ቡሎን፣ በአንድ ጎን 7። የፊት ጆሮ 1፣ የፊት ሻክል 2፣ ሁለቱን ባሌስትራ የሚያገናኘው የመሃሉ ሚዛን 1፣ የኋላ ሻክል 2፣ የኋላ ጆሮ 1። በሁለቱም ጎን 14 ቡሎንና 8 የሻክል ሳህን ማለት ነው። ቡሺንጉ የነሐስ ይሁን። ሳህኑንም አብራችሁ ለውጡ፤ የፋብሪካው 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ጠንካራው 12 ሚሊሜትር ተኩል ይደርሳል። ቀጭኑ በኮሮኮንችና ጠባብ መዞሪያ ላይ ይጣመማል።

ሳቢያን፦ እዚሁ ታይዋን ገበያ ኤም 14 (ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር) ቡሎን ሞልቷል። እሱን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስበሳት አይቻልም?

አባ ፔርኖ፦ አይቻልም፣ ምክንያቱን ስማ። የአሜሪካ ተሳቢ ቡሎን 9/16 ኢንች ነው፤ 14.29 ሚሊሜትር። ኤም 14 ሲገባበት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይላላል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቀጠቅጣል። ጥርሱም ይለያያል፦ የ9/16ቱ ስስ ጥርስ በኢንች 18 ነው፣ ማለትም ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.41 ሚሊሜትር፤ የኤም 14 ስሱ 1.5 ነው። ዳዶው (ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው) ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የገጠመ ይመስላል፣ ስታጠብቀው ይልጣል። ከዚህ ሌላ ተራ ቡሎን ከጭንቅላቱ ሥር ሻክሉን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ የለውም። ያ ጥርስ ከሌለ ቡሎኑ አብሮ እየዞረ ሳህኑን ይበላዋል። የአውሮፓ ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ልኩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በካሊፐር ለካ እንጂ በዓይን አትገምት።

ቡሺንጉን ግን ቶርኖ ቤት ማሠራት ይቻላል። የሚመረጠው ኤስ.ኤ.ኢ. 660 የሚባለው የቡሺንግ ነሐስ ነው፤ 83 በመቶ መዳብ፣ 7 ቆርቆሮ፣ 7 እርሳስ፣ 3 ዚንክ። ከቧንቧ መክፈቻ የቀለጠ ቢጫ ነሐስ አታምጡልኝ። ቡሺንጉ ዓይኑ ውስጥ ሲጨመቅ ውስጡ ይጠባል፤ ስለዚህ ከገባ በኋላ በሪመር (ቀዳዳ ማስተካከያ) ይስተካከል፣ ቡሎኑ በእጅ የሚገባና የማይንገጫገጭ እስኪሆን።

ቀፊራ፦ ጋሼ፣ እኔ ባሌስትራው ላይ የተቃጠለ ዘይት እረጫለሁ። ያ አይበቃም?

አወዳይ መስመር፦ ሁሉም ሾፌር ይረጫል። ባሌስትራው ይለሰልሳል።

ለገሃሬ፦ አቦ ተው! በድሬ አቧራ ላይ ዘይት ስትረጭ ባሌስትራውን ሞረድ አደረግከው ማለት ነው። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ይዞ ይፈጨዋል።

አወዳይ መስመር፦ እኛ ጋ አቧራ የለማ። አየሩም ቀዝቃዛ ነው።

ለገሃሬ፦ ከደንገጎ ቁልቁል ስትወርድስ? ቀዝቃዛውን አየር ይዘኸው ትወርዳለህ?

አባ ፔርኖ፦ ሁለታችሁም ከፔርኖ ወጥታችኋል። የተረጨ ዘይት በቡሺንግና በቡሎን መሃል አይደርስም። የጎማ ቡሺንግ ካለ ደግሞ ያሳብጠዋል። ወደ ጥያቄው።

መጋላ፦ አቀያየሩን በቅደም ተከተል ብትነግረን።

አባ ፔርኖ፦ ተሳቢውን ሜዳ ላይ ከጎታቹ መኪና ጋር አያይዘህ አቁም፣ የሌላውን ጎን ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት አስር። ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አድርግ፤ ከአክስሉ ቧንቧ ሥር አይደለም፣ ይጎብጣል። ሻንሲውን በብረት መደገፊያ ላይ አሳርፍ። ብሎኬት አይሆንም፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ጎማዎቹን አውጣና አክስሎቹን ከሥር በሌላ መደገፊያ ደግፍ፤ ክብደቱን ለመሸከም ሳይሆን እንዳይወድቁ ብቻ።

ከዚያ አንድ ቦታ ብቻ ፍታ፣ ግጠም፣ ወደ ሚቀጥለው እለፍ። ሁሉንም አንዴ የፈታ ሰው አክስሉን እንደገና መስመር ሲያስይዝ ይመሻል። ዳዶውን ስትፈታ ቁልፉን ዳዶው ላይ አድርግ፤ የቡሎኑን ራስ አታዙር፣ ሥሩ ያለው ጥርስ ቀዳዳውን ይልጠዋል። ዳዶው ከቡሎኑ ጫፍ እኩል ሲሆን በመዶሻ ምታው፣ ጥርሱ እንዳይጎዳ። አሮጌውን ናይሎን ገፍተህ አውጣ፣ ዓይኑን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ አዲሱን ነሐስ በሞርሳ ወይም በረጅም ቡሎንና በሮንዴላ እየሳብክ አስገባ። በመዶሻ ከመታኸው ጠርዙ ይጠፈጠፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያበላሸው ቦታ። አዲሱ ቡሎን ጎኑ ላይ ግሪስ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ያ ቀዳዳ ወደ ተሳቢው ፊት ወይም ወደ ኋላ ይመልከት፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አይደለም። ጭነቱ የሚጫነው ከላይና ከታች ነው፤ ቀዳዳው እዚያ ከዋለ ይደፈናል፣ ግሪስም አይገባም። ቡሎኑ ከገባ በኋላ ቀዳዳው ስለማይታይ ሳታስገባው ራሱ ላይ አቅጣጫውን በሞረድ ምልክት አድርግ። በመዶሻ ነድተህ አስገባው፣ በዳዶ አትሳበው። ማጥበቂያው ከ40 እስከ 65 ኒውተን ሜትር ነው፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)። ሻክሉ በእጅ ሲገፋ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከደረቀ አጥብቀኸዋል። ዳዶው ናይሎን ያለበት ከሆነ አሮጌውን አትመልሰው። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም እንደገና ፈትሽ።

ሸዋ በር፦ ኒፕሉ ግሪስ አልቀበል አለኝ። ፓምፑን በሙሉ ጉልበቴ ብጫነውም ወይ ፍንክች።

አባ ፔርኖ፦ ክብደቱ ላዩ ላይ እያለ ነዋ የምትሞክረው። ሻንሲውን አንሣ (በመደገፊያ!)፣ ጎማው ሲንጠለጠል ቡሎኑ ከቡሺንጉ ይላቀቃል፣ ግሪሱ በሁሉም ጎን ይዞራል። እምቢ ካለ ኒፕሉን ፍታና ያለ ቡሎን ግሪስ ግፋበት፦ ካላሳለፈ ጥፋቱ የኒፕሉ ነው፣ ቀይረው። ካሳለፈ የተደፈነው የቡሎኑ ቀዳዳ ነው፤ በሽቦ ጥረገው። ያም ካልሆነ ቡሎኑ አቅጣጫውን ስቶ ገብቷል፣ ይውጣ። በእሳት አታሙቀው።

ቀፊራ፦ የትኛው ግሪስ? በየስንት ጊዜ?

አባ ፔርኖ፦ ውፍረቱ ኤን.ኤል.ጂ.አይ. 2፣ ሊቲየም ኮምፕሌክስ፣ ለከባድ ጫና የሚሆን። ሞሊብዲነም ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለበት ለፔርኖ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፔርኖ እንደ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ፈጥኖ አይሽከረከርም፣ እዚያው በዝግታ ይወዛወዛል። የጎማ ኩሽኔታ ላይ ግን የራሱን ግሪስ አድርጉ። ሸክላ የገባበትን ግሪስ ከሊቲየም ጋር አትደባልቁ፣ ቀጥኖ ይፈሳል። ጊዜውን በተመለከተ፦ በአስፋልት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በባቢሌ አሸዋና በኮሮኮንች በግማሹ። ጎርፍ ወይም ወንዝ የተሻገረ በዚያው ሳምንት። ንጹሕ ግሪስ በጎን ብቅ እስኪል ግፉ፣ ከዚያ የፈሰሰውን በጨርቅ ጥረጉ፣ አለዚያ አቧራ ይሰበስባል።

መጋላ፦ የኤሌክትሪክ ፍሬኑስ? ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ይሞቃል።

አባ ፔርኖ፦ የፍሬን ባለሙያ ጠይቅ። በከባድ ማርሽ ውረድ።

ሳቢያን፦ ዋጋው ስንት ይሆናል?

አባ ፔርኖ፦ ዋጋ አልናገርም። ሻጩን ጠይቅ።

አሸዋ፦ ግሪስ አልገባ ሲል ምን ይደረጋል?

አባ ፔርኖ፦ ለሸዋ በር የመለስኩትን አንብብ። ተጽፏል!

ለገሃሬ፦ የእኔ ድምፅ አለው። ምን ይሆን?

አባ ፔርኖ፦ ድምፅ የሌለው ተሳቢ የለም። ከየትኛው ጎን? ባዶውን ወይስ ተጭኖ? ሲነሣ፣ ሲቆም ወይስ ሲታጠፍ?

ለገሃሬ፦ ከግራ ኋላ፣ ባዶ ሲሆን፣ ጉብታ ላይ። የግራ ኋላ ጎማ በአንድ ጠርዝ ብቻ ይበላል።

አባ ፔርኖ፦ እንዲህ ተናገር። የኋላ ጆሮው ፔርኖ ወይም ሻክሉ ተበልቶ አክስሉ ሸሽቷል። ተሳቢው ከመኪናው ከሚያያዝበት ኳስ መሃል እስከ አክስሉ ግራና ቀኝ ጫፍ ለካ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር ካለፈ መስመር ስቷል። ሻንሲውን አንሣና በብረት ዘንግ ሻክሉን ወደ ላይና ወደ ታች ፈልቅቀው፣ የሚንገጫገጨውን ታየዋለህ። ከሥሩ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ቡሺንጉ አልቋል። የጆሮው ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ከያዘ አዲስ ቡሎን አይጠቅመውም፣ ጆሮው ይቀየር፣ ከዚያም በፊት ርቀቱን ለክተህ ጻፍ። መደገፊያ ሳታደርግ ግን እንዳትገባ።