ከልጅ ጋር ጎ-ካርት ለመሥራት፣ ከየት ይጀመራል?

ወንድሜ፣ የ14 ዓመቱ ልጅህ ሞተር ያለው ጎ-ካርት (ትንሽ ክፍት ባለአራት ጎማ መኪና) እንሥራ ብሎህ ከየት እንደምትጀምሩ ጠይቀሃል። እኔም ከልጄ ጋር ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ከሞተሩ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሻንሲውን (ሁሉም ነገር የሚታሰርበትን የብረት አጽም) በትክክለኛ ልኩ መሬት ላይ በጠመኔ ሣሉት። ልጁ ሥዕሉ ላይ ይቀመጥና እግሩ ፍሬኑ ጋ መድረሱን እዩ። ቱቦላሬ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሪው ላይ ነው። ስትታጠፉ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው በላይ መዞር አለበት። ስለዚህ የሁለቱ የፊት ጎማዎች የመሪ ክንዶች (ጎማውን የሚያዞሩት አጫጭር ብረቶች)፣ ወደ ኋላ በሐሳብ ሲዘረጉ፣ የኋላው አክስል (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) መሃል ላይ እንዲገናኙ አድርጋችሁ በይዱ። እኛ ቀጥ አድርገን በይደነው ጎማው እየተንሸራተተ አስቸገረን። ጥፋቱን በክር ለክታ ያገኘችው ልጄ ናት። የዚያን ቀን ፊቷን አልረሳውም።

ለሞተር 6.5 የፈረስ ጉልበት ያለው የውሃ ፓምፕ ሞተር ይበቃል። ስትገዛ ከሞተሩ የሚወጣውን ዘንግ እይ። ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ ካለው ፍሪሲዮን ማሰር ያስቸግራል። ጎማና ቁርጥራጭ ብረት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ፈልጉ።

ፍሬኑ ሳይሞከር ሞተሩ አይነሳ። ሰንሰለቱን በላሜራ ሸፍኑት። ሄልሜት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

የመሪውን ሥዕል ስትጨርሱ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።