ሁሉንም ጡቶች ዳስሱ፦ ለወጣት የእንስሳት ሐኪሞች

ልጆቼ፣ የውሻዪቱ ባለቤት አንዱን ጡቷን እያሳየ «እዚህ ጋ አብጦባታል» ሲላችሁ እጃችሁ እዚያው ላይ ብቻ እንዳይቀር። ውሻዪቱን በጀርባዋ አስተኝታችሁ በግራና በቀኝ ያሉትን አምስት አምስት ጡቶች፣ ከብብት እስከ ብሽሽት ካሉ ንፍፊቶች ጋር፣ በጣታችሁ ፈትሹ። ዕጢ የሚበዛው በኋለኞቹ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ላይ ነው። ብዙ ውሾች ግን ከአንድ በላይ ይዘው ይመጣሉ፤ አንደኛው የማይዛመት፣ ጎረቤቱ ደግሞ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ለክታችሁ መዝግቡ። 3 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የወጣ ዕጢና 5 ያለፈው ዕጣቸው ለየቅል ነው፤ «ትንሽ ናት፣ ካደገች መልሳት» የሚለው ቃል ከአፋችሁ አይውጣ ብዬ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ቢላዋ የማይነካው አንድ የዕጢ ዓይነት አለ። ጡቶቹ ቀልተው፣ ግለው፣ እንደ ድንጋይ ጠጥረው፣ ስትነኳት የሚያማት ከሆነ፣ በተለይ የኋላ እግሯም ካበጠ፣ ብግነታዊ ካርሲኖማን፣ ማለትም ጡትን የሚያስቆጣ ካንሰርን፣ ጠርጥሩ። የጡት ኢንፌክሽን ይመስላል፤ አንቲባዮቲክ ግን አይመልሰውም። በትንሽ ናሙና አረጋግጡና ሕመሟን አስታግሱላት።

በቀሩት ላይ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደረቷን በቀኝ ጎን፣ በግራ ጎንና በጀርባ አስተኝታችሁ ራጅ አንሱ። በአንድ ጎን ስትተኛ የታችኛው ሳንባ አየር ስለሚያንሰው ትንሽ ዕጢ ይደበቅበታል። በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ሌላ ዓይነት እብጠትን ለመለየት ይረዳል፤ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም ለማለት ግን ብቻውን አትመኑት።

አብራችሁ የምታመክኗት ከሆነ ማምከኑን አስቀድሙ፤ አለዚያ የካንሰር ሕዋስ በመሣሪያችሁ ወደ ሆዷ ልታስገቡ ትችላላችሁ። አምስተኛውን ጡት ስታነሱ በብሽሽት በኩል የሚመጣውን ደም ቅዳ እሰሩ፤ ንፍፊቱም አብሮ ይውጣ። ከቆዳው ሥር ባዶ ክፍተት ከተዋችሁ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ስፌቱም ይተረተራል።

የወጣውን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ዕጢ በየስሙ፣ ሥጋውን ወደሚመረምረው የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ላኩ። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፎርማሊን 10 በመቶ፣ መጠኑም የሥጋው 10 እጥፍ ይሁን። ትልቁን ዕጢ ሳትለያዩት ሰንጥቁት፤ ፈሳሹ ካልዘለቀው መሐሉ ይበሰብሳል። አፈ ጠባብ ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ ለስላሳ ሆኖ የገባው ሥጋ ጠንክሮ አይወጣም።

ማምከንን በተመለከተ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው ጥናት ያስቀመጣቸው 0.5፣ 8 እና 26 በመቶ በተሳሳተ መንገድ ይጠቀሳሉ። እነዚህ አኃዞች ውሻዪቱ ከመጀመሪያው የፍትወት ዑደቷ በፊት፣ ከመጀመሪያው በኋላ፣ ከሁለተኛው በኋላ ስትመከን፣ የጡት ካንሰር ስጋቷ ካልተመከነች ውሻ ስጋት ስንት በመቶው ብቻ እንደሚሆን ይናገራሉ እንጂ፣ ከመቶ ውሾች ስንቱ እንደሚታመሙ አይናገሩም። ለባለቤቱ ስታስረዱ ይህን ለይታችሁ ንገሩት።