ከኋላ የተቀመጠው ልጅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ረጅም ዓመት ጥብቅና ቆሜያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ጠበቃ ጡረታ ይወጣል ከተባለ። ከሁሉም ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የአንድ የ19 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው።

ሦስት ሆነው ማታ ባጃጅ ኮንትራት ያዙ። ከከተማ ሲወጡ አንዱ የሹፌሩን አንገት አነቀ፤ ሌላው ጩቤ አወጣ። የኔ ደንበኛ ከኋላ ተቀምጦ የሹፌሩን ስልክ ተቀበለ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ጣቢያ ሳገኘው «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጫፉን አልነካሁትም» አለኝ። የወሰዷት ባጃጅ በማግሥቱ ስለተገኘች ነገሩ በሽማግሌ የሚያልቅ መስሎታል። ውንብድና ግን ተበዳይ ይቅር ስላለ ብቻ አይዘጋም።

ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ ቅጣቱ በንብረቱ ዋጋ የሚለካ ይመስላችኋል። የቆመ ባጃጅ ገፍቶ መውሰድ ስርቆት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 ተራ ስርቆት ቀላል እስራት፣ ሲከፋም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እጃችሁ ሰው ላይ ካረፈ ወይም አስፈራርታችሁ እንዳይከላከል ካደረጋችሁት ግን የወንጀሉ ስም ይቀየራል። ውንብድና ይሆናል፣ አንቀጽ 670፤ እስከ 15 ዓመት ያስኬዳል። መሣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ ከባድ ውንብድና የሚለው አንቀጽ 671 ይመጣል። እሱ ከዚያም ይብሳል።

ያ ሹፌር ሲመሰክር አየሁት። ባጃጇ የእሱ አይደለችም፤ በየቀኑ ለባለቤቷ ገቢ ያስገባል። ዐቃቤ ሕጉ ስለ ባጃጇ ሲጠይቀው እሱ ስለ አንገቱ ይመልሳል። ሌሊት ባንኖ እንደሚነሳ፣ ከመሸ ሰው መጫን እንደተወ ተናገረ። እኔም መስቀለኛ ጥያቄዬን አሳጠርኩ።

ከኋላ መቀመጥስ? ክሱ ላይ «በግብረ አበርነት» የምትል ቃል አለች። ሐሳቡን ተካፍሎ አብሮ የሄደ፣ አንገት ባያንቅም እንደ ዋና አድራጊ ሊቆጠር ይችላል። ተሰርቆ እንደመጣ እያወቀ ጎማዋን በርካሽ የገዛም ለብቻው ይከሰሳል።

አብሮ አደግ «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኛም ጎጃም ነው ያደግነው። ግን ባጃጇ ሳትነሳ ውረዱ። አንዴ ከተነሳች መውረዱ ይከብዳል።

የልጁ እናት ከቢቸና ጤፍ ሸጣ መጣች። ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። «ስልኩን ብንመልስለትስ?» አለችኝ። ስልኩ ኤግዚቢት፣ ማለትም የክሱ ማስረጃ ሆኖ ጣቢያ ተቀምጧል።